ዓባይ ማዶ ያለው የዲኤክስ ጋራዥ፦ ካርቶን የማያምኑ መካኒኮች

የድሮ ቶዮታ ዲኤክስ ካላችሁና ሞተሩ ዘይት መብላት ከጀመረ፣ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሳታንከራትቱት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ውሰዱት። ጋራዡ ታፔላ የለውም። አዲሱን ድልድይ ተሻግራችሁ በጎንደር መንገድ ጥቂት እንደሄዳችሁ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ገባ ያለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። «የዲኤክስ ጋራዥ» ካላችሁት የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ሁሉ ያደርሳችኋል። የእኔን ሞተር አውርደው፣ ፈተው፣ ለክተው መልሰው ገጥመውታል። ክረምቱን በሙሉ ነዳሁት፤ በመሀል ዘይት ጨምሬበት አላውቅም። ለምን እንደማደንቃቸውም፣ ምናቸው እንደሚያማርርም እጽፋለሁ።

አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የምውለው ስፔር ፓርት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ይህም ጋራዥ አንዳንድ ዕቃ ከእኛ ይገዛል። ስለዚህ ባዳ አይደለሁም። ነገር ግን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውል ሰው መካኒክን የሚያውቀው በአገዛዙ ነው። አብዛኛው ሰው «የፎር ኬ ፋሻ ስጠኝ» ይላል (ፎር ኬ የዲኤክስ ሞተር ስም ነው፤ ፋሻ የፒስተን ቀለበት)፣ ካርቶኑን አገላብጦ «ኦሪጅናል ነው አይደል?» ይላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ከዚህ ጋራዥ የምትላከዋ ተለማማጅ ልጅ ግን ማይክሮሜትሯን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ካርቶኑን ትከፍታለች፣ ፒስተኖቹን ባንኮኒው ላይ ትደረድራለች፣ ቀሚሳቸውን በጨርቅ ትጠርግና አንድ በአንድ ትለካለች። ለእኔ ሞተር የሚሆኑትን ስትለካ ሦስቱ እኩል ሆኑ፣ አራተኛው አነሰባት። ካርቶኑ ላይ አራቱም 0.50፣ ማለትም ከስታንዳርዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሰፉ፣ ተብለዋል። «ጋሸ፣ ይኼን አልወስድም፤ ሙሉ ሴቱን ቀይሩልኝ» አለችኝ። ቀየርንላት፤ ያንን ካርቶንም ላመጣልን ነጋዴ መለስንለት። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል የሚተወው ክፍተት ከጸጉር የቀጠነ ነው። እዚያ ላይ ያነሰ ፒስተን ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲንኳኳ የሚሰደበው መካኒኩ ነበር።

እኔ ይህን ዓይነት ጠባይ ከፍ አድርጌ የማየው በሥራዬ ምክንያት ብቻ አይደለም። የድራግ ውድድር ታሪክ ወዳጅ ነኝ፤ በተለይ የስቶክ ምድብን። ሁለት መኪና ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራ ተነስተው ሩብ ማይል የሚሮጡበት ውድድር ነው። ሩብ ማይል 402 ሜትር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው ድልድያችን 380 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ርቀቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር አስቡና ትንሽ ጨምሩበት። (ማታ ማታ እዚያ ላይ በሞተር ሳይክል የምትሽቀዳደሙ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። ይህ ስፖርት የተደራጀው ራሱ ልጆች መንገድ ላይ እንዳይሞቱ ተብሎ ነው።)

ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዋሊ ፓርክስ የሚባል ሰው ኤንኤችአርኤ የተባለውን ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲመሠርት 1951 ነበር። የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በ1955 ካንሳስ ውስጥ፣ ግሬት ቤንድ ከተማ፣ በጦርነቱ ጊዜ በተሠራ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ተካሄደ። ልዩ ማሽን መሥራት የማይችል፣ ከሻጭ የገዛትን የቤት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የሚወዳደርበት ምድብ ስቶክ ተባለ። የሚመደቡበትም ስሌት ግልጽ ነው፦ ፋብሪካው የመዘገበው ክብደት ፋብሪካው በተናገረው የፈረስ ጉልበት ይካፈላል። ድርሻው ያነሰ፣ ማለትም ለአንድ ፈረስ ጉልበት ጥቂት ክብደት የሚሸከም መኪና፣ ምድቦቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጠሩ ከመጀመሪያዎቹ ፊደሎች አንዱ ይሰጠዋል፤ ከባዱና ደካማው ወደ ታች ይወርዳል። የማርሽና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም ይለያያሉ። በዚህ ስሌት ሻንጣ መጫኛው ሰፊ የቤተሰብ መኪና እንኳ እኩያውን አግኝቶ መወዳደር ይችላል። እኔን ያስወደደኝ ይኼ ነው፤ ድሃም ሀብታምም በመኪናው ልክ ቦታ አለው።

እንግዲህ አስተውሉ። ክብደቱም ጉልበቱም ከፋብሪካው ወረቀት የተወሰዱ ናቸው። ወረቀት ደግሞ የፈለጉትን ይጽፉበታል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1960 ዲትሮይት ላይ በተደረገው ብሔራዊ ውድድር ስቶኩን ጂም ዋንገርስ በፖንቲያክ አሸነፈ፤ ሰውየው የፖንቲያክ የማስታወቂያ ባለሙያ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና ላይ ዶን ኒኮልሰን 409 ሞተር (ቁጥሩ በኪዩቢክ ኢንች የተለካ መጠኑ ነው) በተገጠመላት ሼቭሮሌ ድሉን ወሰደ። እሑድ ሜዳ ላይ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ሱቅ ውስጥ እንደሚሸጥ ሲያዩ፣ ፋብሪካዎቹ ለመንገድ ሳይሆን ለዚያ 402 ሜትር ብቻ የሚሆን «የፋብሪካ መኪና» መሥራት ጀመሩ። የአሉሚኒየም ኮፈን፣ የአሉሚኒየም መከላከያ፣ ፖንቲያክ በ1963 እንዳደረገው ደግሞ እንዲቀልል ተብሎ በቀዳዳ የተበሳሳ ሻሲ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ ከውድድር እጁን ሰበሰበ። ፎርድ በ1964 ፌርሌን የምትባለዋን መካከለኛ መኪና ወስዶ ውስጧ 427 ሞተር ወተፈባት፤ ተንደርቦልት አላት፤ 100 ያህል ሠራ። ከአራቱ የፊት መብራቶች የውስጠኞቹ ሁለቱ ወጥተው በምትካቸው ወንፊት ተደረገ፤ ከዚያ በቱቦ ወደ ካርቡራቶር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። መብራት አውጥቶ አየር ማስገባት! መሐንዲሶቹን አደንቃለሁ፤ ግን የቤት መኪና ነው ብሎ መጥራት ከብዶኛል።

ኤንኤችአርኤም ዝም ብሎ አላየም። እነዚህን ከመስመር የወጡ መኪኖች ለብቻቸው ለመያዝ ከ1962 ጀምሮ ፋክተሪ ኤክስፐሪሜንታል የተባለ ምድብ ከፍቶላቸው ነበር። እዚያም አልበቃቸውም። በ1965 ክራይስለር የኋላ ጎማዎቹን 15 ኢንች፣ የፊቶቹን 10 ኢንች ወደፊት ገፍቶ ክብደቱ በሙሉ ኋላ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ኤንኤችአርኤ እነዚህን አልቀበልም አለ። ሹፌሮቹም ወደ ሌላ ሜዳ ሄዱ፣ በየሳምንቱ እየቀየሩ፣ እየጨመሩ፣ ከዚያ መስመር ዛሬ ፈኒ ካር የምንለው የፋይበር አካል የለበሰ ጭራቅ ተወለደ። መኪና የሚመስለው ቆዳው ብቻ ነው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ፈተና እዚህም አለ። እኔ ቁጭ ባልኩበት አንድ ወጣት ዲኤክሱን ይዞ መጣና ከሌላ ትልቅ ሞተር የወጣ ካርቡራቶር እንዲገጥሙለት ጠየቀ፤ «ጉልበት ይጨምራል» ብለውታል። የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሸ የምንላቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይቺ ሞተር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ አይሞላትም። የምትተነፍሰው አየር የተወሰነ ነው። ያንን ብገጥምልህ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሮጥም። እኔ የምሠራልህ ፋብሪካው የሰጣትን ሙሉ ጉልበት እንድትመልስ ነው። ሌላውን ከፈለግህ የሚሠሩልህ አሉ» አሉት። ልጁ አኩርፎ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ መኪናው እዚያው ግቢ ቆሞ አየሁት፤ የራሱን ካርቡራቶር ይዞ።

እውነት ነው፤ የዲኤክስ ፎር ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73። ካምሻፍቱ ከታች ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንግ ነው የሚገፋው። እነዚያ የስቶክ ምድብ ገናና ሞተሮች፣ 409ም የክራይስለሩ 426 ሄሚም፣ በዚሁ አሠራር ናቸው፤ በመጠን ብቻ ይለያያሉ። ስለዚህ ጋሸ የቫልቭ ክፍተት ሲያስተካክሉ ሳይ፣ ሞተሩ ሞቆ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ሲደረግ፣ ለእኔ ፖሞና ላይ ከሚሠራው ሥራ የሚለየው በቋንቋ ብቻ ነው።

ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ራስ፣ ሲመረምሩ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍ፤ ከተማችን ውስጥ ሌላ ቦታ ሲደረግ አላየሁምና። ቴስታታውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ቫልቮቹ ተዘግተዋል፣ ካንዴላዎቹ ገብተዋል። የቃጠሎውን ጉድጓድ ዙሪያ ስስ ግራሶ ቀቡና ወፈር ያለ ግልጽ ፕላስቲክ አስተኙበት፤ ፕላስቲኩ መሀሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ተለማማጇ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ጠብ ያደረገችበትን ላምባ ከፋርማሲ በተገዛ ትልቅ ስሪንጅ ቀዳች። ከዚያ በቀዳዳዋ ቀስ እያለች ስትጨምር፣ ቀዩ ፈሳሽ ከፕላስቲኩ ሥር እየተስፋፋ ሲሄድ፣ አንዲት የአየር አረፋ ብቻ ስትቀር፣ ቴስታታውን በትንሹ አዘንብላ አረፋዋን ወደ ቀዳዳዋ ነዳችና አወጣቻት። ስሪንጁ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች፣ ጋሸ በደብተር ጻፉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተመሳሳይ። አራተኛው ላይ በ2 ሲሲ አነሰ። ደግማ ለካች፤ ያው። ከዓመታት በፊት ቴስታታው ሲላጭ አንደኛው ጫፍ ከሌላው የበለጠ ተበልቶ ኖሮ፣ አራተኛው ሲሊንደር ብቻውን ከሌሎቹ የበለጠ እየተጨመቀ ነው የኖረው። ዳገት ላይ የሚሰማው የመንኳኳት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማንም ሊነግረኝ ያልቻለው ለዚህ ነው። ቶርኖ ቤት ተልኮ ተስተካከለ፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ተለካ። ቶርኖ ቤቱ «ልክ ነው» ብሎ መላኩ አልበቃቸውም።

ይህንኑ ሥራ ኤንኤችአርኤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠራው ኖሯል። በስቶክ ምድብ አሸናፊው ዋንጫውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ መርማሪዎች ሞተሩን ያስፈቱታል። የቃጠሎው ጉድጓድ ስንት ሲሲ ይይዛል፣ ቫልቩ ስንት ይነሳል፣ ሲሊንደሩ ስንት ይሰፋል፣ ካርቡራቶሩ በእርግጥ የዚያ ሞዴል ነው ወይ ተብሎ በፈሳሽና በመለኪያ ይጣራል። ከተፈቀደው ካለፈ ድሉ ይሰረዛል። ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ የጻፈውን የፈረስ ጉልበትም እንዳለ አልተቀበሉትም። ለምሳሌ ፎርድ በ1968 ያወጣው ኮብራ ጄት 428 ሞተር ወረቀቱ ላይ 335 ፈረስ ጉልበት ነበር የሚለው። በዚያው ዓመት ፖሞና ላይ አል ጆኒየክ ይህ ሞተር በተገጠመላት መስታንግ ሱፐር ስቶኩን፣ ከስቶክ የበለጠ ለውጥ የሚፈቀድበትን ምድብ፣ ሲያሸንፍ ያየ ሰው ሁሉ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ መሆኑን አወቀ። ማኅበሩ በሜዳው ላይ ባየው ውጤት የራሱን የጉልበት ቁጥር እየሰጠ መኪኖችን ወደሚገባቸው ምድብ ማዛወሩን ያዘ። ካርቶኑን ትቶ ዕቃውን መለካት ማለት እንግዲህ ይኼው ነው።

ሥራዋን ያደነቅሁላትን ተለማማጅ ሳነሳ ሸርሊ ሻሃን ትዝ ትለኛለች፤ ለልጅቷም ነግሬያታለሁ። በ1966 በፖሞናው የክረምት ውድድር ፕሊመዝ ነድታ ስቶኩን ያሸነፈች፣ በኤንኤችአርኤ ብሔራዊ ውድድር ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ልጅቷ ቫልቭ እያሸች ነበር የምትሰማኝ። «ሞተሩን ሲፈቱባት ልክ ሆኖ ተገኘ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ይህን የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

ስለ ካርቡራቶሩ ደግሞ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከወደብ ከተማ አየር ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ግን ካልቀነሱለት የአየሩን ያህል አይቀንስም፤ ውጤቱ የጠቆረ ካንዴላና የሚሸት ማርሚታ ነው። አሜሪካኖቹም ይህን ያውቁታል። ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር የተባለ የውድድር ሜዳ፣ ከ1958 እስከ 2023 የሠራው፣ ከፍታው ከባሕር ዳር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 1,770 ሜትር ገደማ። እዚያ የሚወዳደሩት በሌላ ሜዳ ሰዓት አይመዘኑም ነበር፤ ለከፍታው ተብሎ መመዘኛው ይላላላቸዋል። ስቶክ ምድብ ላይም ካርቡራቶሩን መቀየር ክልክል ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለችውን ጄት፣ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለ ቀዳዳ ነሐስ፣ እንደ አየሩ መቀየር ይፈቀዳል። ተገቢ ሕግ ነው።

የእኔ ጄት ተፈታ ስትታይ ቀዳዳዋ ክብ አልነበረም። ከዚህ በፊት የነካት እጅ በሽቦ ይሁን በመብሻ ሞርዶ አስፍቷታል። በላይዋ የታተመው ቁጥር ግን እንዳለ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ትክክለኛ ነች ብሎ መልሶ ይገጥማት ነበር። ጋሸ ከመብራት ፊት ለፊት ያዙና ከአዲስ ጄት ጋር አስተያይተው አሳዩኝ፤ ከዚያ ለከፍታችን የሚሆን አንድ ቁጥር ዝቅ ያለች ገጠሙ። ካንዴላው አሁን ሲወጣ የቡና ቀለም ነው። የቤዛዊትን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እወጣዋለሁ።

ነቀፌታዬን ሳልጽፍ ብቀር ታማኝ አልሆንም። መጀመሪያ ነገር ቀን አይሰጡም። «መቼ ይደርሳል?» ስትሏቸው «ሲደርስ እንደውላለን» ነው መልሳቸው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ የሚላጭ ካለ ቶርኖ ቤት ወረፋ አለ፣ ዕቃ ሲለካ ካልሆነ ይመለሳል፣ እንደገና ይፈለጋል። መኪናው መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ግቢው ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ቴስታታ የሚፈታበት ቦታ ላይ ብቻ ጣሪያ አለ፤ ሌላው መኪና ዝናብ ይወርድበታል። እንዲህ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ግቢያቸውን ጠጠር ቢያለብሱት ምን አለበት? ነግሬያቸዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁም። ሦስተኛ፣ የእጅ ዋጋቸው በአካባቢው ካሉት ከፍ ይላል። እኔ ቅር ሳይለኝ ከፍያለሁ፤ ምክንያቱም የእጅና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ ደረሰኞቹ ተያይዘውበት፣ አሮጌዎቹ ፒስተኖችና ፋሻዎች በካርቶን ተደርገው ነው የተረከብኩት። አሮጌ ዕቃ የማይመልስ ጋራዥ በበኩሌ አላምንም።

አንድ ነገር ደግሞ ማሳሰብ እፈልጋለሁ፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮምፒውተር ያለው መኪና ይዛችሁ እዚህ አትምጡ። ፊውል ኢንጄክሽን አይነኩም፤ ራሳቸው ይመልሷችኋል። የሚሠሩት ካርቡራቶር ያላቸውን ነው፦ ዲኤክስ፣ የድሮ ኮሮላ፣ አልፎ አልፎ ፔጆና ፎልስ። የማያውቁትን አለመንካታቸውን እኔ ለእነሱ እንደ ጥሩ ነገር ነው የምቆጥረው።

የስቶክን ታሪክ መሀል ላይ አቋርጬዋለሁ፤ ላውጋችሁ። 1968 ላይ ክራይስለር ከኸርስት ድርጅት ጋር ሆኖ ዶጅ ዳርትና ፕሊመዝ ባራኩዳ ውስጥ 426 ሄሚ አስገባ። የፊት ክንፎቹና ኮፈኑ ፋይበር፣ በሮቹ በአሲድ የሳሱ፣ መስታወቱ ስስ ሆኖ በማሰሪያ እየተጎተተ የሚነሳ፣ የኋላ ወንበር የሌለው፣ ቀለሙ እንኳ ሳይቀባ የሚረከቡት መኪና ነበር፤ ለሕዝብ መንገድ እንዳልተሠራም ላዩ ላይ ተለጥፎበታል። እነዚያ መኪኖች ዛሬም በሱፐር ስቶክ ውስጥ የራሳቸው ምድብ ተሰጥቷቸው ይሮጣሉ። የማይጠግቡት ፋብሪካዎችና ሞተር ሠሪዎች በ1970 ፕሮ ስቶክ የሚባል ሌላ ቤት ተሠራላቸው። የመጀመሪያውን ፖሞና ላይ ቢል ጄንኪንስ በካማሮ ሮኒ ሶክስን ረትቶ ወሰደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጄንኪንስ ትንሿን ቬጋ ይዞ መጥቶ ሜዳውን ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ፕሮ ስቶክ የባለሙያ ሆነ፣ ከሻጭ ከሚገዛ መኪና ጋርም ተራራቀ።

ተራው ስቶክ ግን አልሞተም። ሰዎች አባቶቻቸው የነዷቸውን መኪኖች ይዘው ቀጠሉ። ዛሬ ሹፌሩ ስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል፤ ቀርፋፋው ቀድሞ ይነሳል፣ ፈጣኑ ዘግይቶ ይከተላል፤ ከጻፈው ሰዓት የፈጠነ ደግሞ ይሸነፋል። ጥርስን ነክሶ መሮጥ ብቻውን አይበቃም፤ መኪናህን በመቶኛ ሰከንድ ማወቅ አለብህ። ፋብሪካዎቹም ተመልሰዋል፦ ፎርድ በ2008 ዓመት ሞዴል 50 ኮብራ ጄት መስታንግ ሠራ፤ ሼቭሮሌ በ2012 ዓመት 69 ኮፖ ካማሮ አወጣ፣ በ1969 የሠራቸውን 69 ዜድኤልዋን ካማሮዎች ለማስታወስ። አዲሶቹ ያምራሉ። እኔን ግን ቁጭ ብዬ እንዳይ የምታደርገኝ፣ የፊት ጎማዎቿን ከመሬት አንስታ የምትወጣ የ1960ዎቹ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ከኋላዋ የልጆች ወንበር የነበረባት፣ ካርቡራቶሯ የራሷ የሆነ።

ለመሄድ ላሰባችሁ። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፤ የሳምንቱ ወረፋ የሚያዘው ያኔ ነው፣ ጋሸም ለማነጋገር ጊዜ አይኖራቸውም። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሞቆ ሲደርስ ይሻላል፤ መጀመሪያ የሚያደርጉት አራቱንም ሲሊንደሮች በኮምፕረሽን መለኪያ ማየት ነውና። ከዚህ በፊት የተሠራውን፣ ሲሊንደሩ ተቦርቦሮ እንደሆነ፣ ፒስተኑ ስታንዳርድ ይሁን 0.25 ወይም 0.50፣ የምታውቁትን ሁሉ ንገሯቸው፤ ካላወቃችሁም አትገምቱላቸው፣ ይለኩታል። ዕቃ ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ አይከለክሏችሁም፤ ሲለካ ካልሆነ ግን እንደማይገጥሙት አስቀድመው ይነግሯችኋል፤ ስለዚህ ከሻጩ ጋር የመመለስ ነገር ተነጋግራችሁ ግዙ። ሲያስረክቧችሁ ከደብተሩ የተገለበጠ አንድ ገጽ ይሰጧችኋል፦ የየሲሊንደሩ ስፋት፣ የየጉድጓዱ ሲሲ፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የጄቷ ቁጥር። የእኔን ላስቲክ አልብሼ ከሊብሬው ጋር ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ቴስታታውን በቶርክ ቁልፍ ዳግመኛ ሊያጠብቁልኝ ቀጥረውኝ ስለነበር ያንን ገጽ ይዤ ሄጄ አጠበቁት፤ ለዚህኛው ገንዘብ አልተቀበሉኝም።